ስለ ጥርሱ ብጠይቅ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ለመለሱልኝ የእንስሳት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር ዳምዲን ጓይ፣
የሻር ሃድ ወረዳ የእንስሳት ሕክምና ኃላፊ፣ የበጎች አባት፣ የፍየሎች አለኝታ፣ የግመሎች መከታ (ውሾችን የተውኳቸው ረስቼ አይደለም፤ እደርስባቸዋለሁ)፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከረሙ? ብርዱን በሰላም ተሻገሩ? በጎችዎ በደህና ወለዱ? ግልገሎቹ ቆሙ? ወገብዎን ትንሽ ተሻለዎት? የሱረት ጠርሙሴን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ክዳኑን ላላ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ እንደሰጠሁዎት ይቁጠሩልኝ። ፊት ለፊት ቀርቤ ያልሰጠሁዎት ንቄዎት አይደለም፣ ብንቅዎት "ጓይ" የሚለውን የአክብሮት ቃል ከስምዎ ኋላ አልጨምርም ነበር፤ ባለፈው ሰኞ ክሊኒኩ ድረስ መጥቼ በሩ ከውስጥ ስለተቆለፈብኝ ነው። በመስኮቱ ግን "የለም በሉት" ሲሉ ሰምቻለሁ። ድምፅዎ ጥርት ያለ ነበር፣ ሳልም የለበትም። ስለ ጤናዎ በጣም ደስ አለኝ።

እኔ ኦችር ነኝ፤ የዱልማ ልጅ፣ ከአለቱ ወዲያ የሰፈርነው። እርግጥ ራሴን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። በዚህ ወረዳ አልገራ ያለ ፈረስ ሲኖር የሚጠራው ማነው? እኔ። ሞተር በረዶ ውስጥ ሲቀበር በአንድ እጁ ጎትቶ የሚያወጣው ማነው? አሁንም እኔ። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እሱም ተመለስ አላለኝ፣ እኔም አልለመንኩት። ስለዚህ ቃል ካጠፋሁ እንደ ትልቅ ሰው አይተው ይለፉኝ። ደብዳቤውን የለጠፍኩት በወረዳችን የፌስቡክ ግሩፕ ላይ ነው። እርስዎ "ፌስቡክ የሥራ ፈት ነው" ስለሚሉ ደግሞ በእጄ ገልብጬ የሱቁ በር ላይ፣ "ዱቄት ገብቷል" ከሚለው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። እዚያ ለመቆም ሰበብ አያጡም።

ነገሩ ስለ ቦሮ ነው። ቦሮን ያውቁታል፤ ግራጫው፣ ባለ ረጅም እግሩ፣ ባለ ቢጫ ዓይኑ፣ የማይጮኸው። አርጅቷል። የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሱ ሥሩ በስብሶ ከዓይኑ በታች የእንቁላል ያህል አብጧል፤ መግሉ ይፈነዳና ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ መልሶ ያብጣል። ሥጋ ማኘክ ትቷል። እናቴ ሾርባ ውስጥ ፈትፍታ ካልሰጠችው ምግቡን ሲያየው ይውላል። የምለምንዎት ነገር ቀላል ነው፦ ጥርሱ ይነቀልለት፣ መድኃኒት ይሰጠው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ይከተብና እንደማንኛውም ውሻ ብርቱካናማዋ የአንገት ማሰሪያ ትታሰርለት። ማሰሪያዋ ጌጥ እንዳልሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ሐሙስ የክትባት ቀን ነው፤ ዓርብ አዳኙ ጎምቦ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል፤ አንገቱ ባዶ የሆነ ውሻ ካየ ባለቤት የለውም ብሎ ይተኩሳል። ወረዳው የቀጠረው ለዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አባቱ። እኔ ገና በግ ላይ ተፈናጥጬ "ፈረስ ነው" የምል ልጅ ሳለሁ ጥቁሯ ውሻችን በበረዶ አውሎ ነፋስ ጠፋች። እናቴ ፈረስ ጭና ወጣች፣ ፈልጋ አመጣቻት። ከየት እንዳመጣቻት አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ጥቁሯ ስትወልድ ቡችሎቹ ሁሉ ጥቁር ሆኑ፤ አንዱ ብቻ እንደ አመድ። ያየው ሁሉ "ይሄማ የሰማይ ውሻ ልጅ ነው!" አለ። የሰማይ ውሻ ማለት… እርስዎ ያውቁታል፤ ስሙ በጎች አጠገብ አይጠራም። ከሌላ አገር ሆኖ የሚያነብ ካለ ግን ግራ እንዳይገባው አንዴ ብቻ ልጻፈው፤ በጎች እንደሁ ማንበብ አይችሉም፦ ተኩላ። በቃ። ዳግም አልጽፈውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየናዳሙ፣ በፈረስ ግልቢያውና በትግሉ በዓል፣ ሌላው ሰው ስለ ፈረሱ ሲያወራ እኔ ስለ ቦሮ አወራሁ። ማን ነው የማያወራ? እንዲህ ያለ ደም ያለበት ውሻ ደጁ ላይ ተኝቶለት አፉን የሚዘጋ ወንድ ካለ፣ ያ ወንድ ውሻ የለውም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ኧረ ቅሬታ አይባልም፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ። ቁጥር ሲኖረው የተማረ ሰው ደብዳቤ ይመስላል።

አንደኛ። ቦሮ ምን እንደሆነ ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ እኮ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያ በከፋው ብርድ እነዚያኞቹ የእርስዎን ፈረሶች ከበው ሲያስጨንቁዎት፣ ልጅዎን ዛያን ልከው "ውሻህን አውሰን" አስባሉኝ። ውሻህን! በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቦሮ በረትዎ አጠገብ ወሩን ሙሉ በረዶ ላይ ተኛ፣ አንድ ውርንጭላ ሳይነካብዎት ጆሮውን አስተልትሎ መጣ። ያኔ ውሻ ነበር። በዓመቱ ማብቂያ ቆጠራ ላይም "የዱልማ ቤት፣ ውሻ፣ አንድ" ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ያኔም ውሻ ነበር። ጥርሱን ያመመው ዕለት ግን በአንድ ጊዜ ዝርያው ተለወጠ። በሕክምና ትምህርት ቤት ይሄን ያስተምራሉ ማለት ነው? ጥርስ ሲበሰብስ አባት ይለወጣል?

ያቺን ቀን ለማያውቁ ላውጋቸው። ቦሮን በካባዬ ጠቅልዬ፣ ሞተሬ ጎን ያለችው ጋሪ ውስጥ አስቀምጬ መጣሁ። ደጁ ላይ ሰው ተሰልፏል። እርስዎ ደረጃው ላይ ወጡና፣

"ምንድን ነው ያመጣኸው?"

"ውሻ ነው ዶክተር ጓይ። ጥርሱን ነው ያመመው።"

"አባቱ ማነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ፍየሉን ይዞ የተሰለፈው ጎምቦ "ኧረ ተው ኦችር! በየናዳሙ 'አባቱ የሰማይ ውሻ ነው' እያልክ ጆሯችንን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ዛሬ አባቱ ሞተ?" አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ለማስመሰል።

እርስዎ ግን አልሳቁም። "እኔ የውሻ ሐኪም ነኝ፤ የ—" ብለው ያንን ስም፣ በጎቹ እየሰሙ፣ በቁሙ ጠሩት። ሦስት ሴቶች እንትፍ አሉ። "መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ለውሻ ነው። ለዚህኛው ማደንዘዣው ምን ያህል እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ክትባቱም ይሥራለት አይሥራለት የሚያውቅ የለም። ብሰጠው ባይተኛስ? ተኝቶ ባይነሳስ? ነቅቶ ጣቴን ቢወስደውስ?" አሉ።

እሺ። ይሄ የፈሪ ንግግር ቢሆንም የሰው ንግግር ነው፤ ጣት አያሳሳም አልልም። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህንን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ግን አላቆሙም። ከደረጃው ወረዱ። ወደ ጋሪዋ መጡ። ጎንበስ አሉ። ደስ አለኝ፣ አፉን ሊያዩለት ነው ብዬ ከንፈሩን ገለጥኩልዎት። እርስዎ ግን ወደ አፉ ዘወርም አላሉ። የኋላ እግሩን አነሱ። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣትዎ ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ ልክ ሴት ልጅ ገበያ ላይ ሐር እንደምትዳብስ።

"ጥርሱ እዚህ ነው ዶክተር ጓይ" አልኩ። "በኋላ እግሩ ሲያኝክ አይቼው አላውቅም።"

እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ እንደ አባት፣ "ልጄ፣ ሲደክም አታሰቃየው። እኔ ጋ አምጣው፣ በመርፌ አሳርፈዋለሁ። ሬሳውንም እኔው እቀብረዋለሁ፤ አንተ አትድከም" አሉኝ።

እዚህ ጋ ነው ጆሮዬ የቆመው። ለደግነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ግን ዶክተር ጓይ፣ ውሻ ሲሞት ጅራቱን ቆርጦ ከራሱ ሥር የሚያኖርለት፣ አፉ ውስጥ ጮማ የሚያጎርሰው፣ "በሚቀጥለው ሰው ሆነህ ተወለድ" ብሎ ጆሮው ላይ የሚነግረው ባለቤቱ ነው። ሰው የማይረግጠው ከፍ ያለ ቦታ ተሸክሞ የሚያወጣውም ባለቤቱ ነው። ይሄን እኮ ሕፃን ያውቃል። የሌላ ሰው ውሻ ልቅበርልህ የሚል ሰው በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ደግሞ ለራስዎ ግመል እንኳ አካፋ የማያነሱ ሰው ነዎት፤ ግመልዎ ሲሞት ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ መሬቱ እንደ ብረት በደረቀበት ወር፣ ላብ እንኳ ሳይወጣኝ።

ጠርጣራ ነህ ይሉኛል። አዎ ነኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ሁለተኛ። ለቦሮ ጠያቂ ስላፈሩለት አመሰግናለሁ። ዕድሜውን ሙሉ "እንደምን አደረ" ያለው ሰው የለም። እርስዎ እግሩን ካነሱለት ቀን ወዲህ ግን ቤታችን የታመመ ባለሥልጣን የተኛበት መሰለ። ሞተር መጣ፣ ፈረስ ሄደ። ሁሉም "እንዴት ነው ሽማግሌው?" ይላል፣ ሁሉም ዓይኑ ወደ ታች ነው።

ጎምቦን ብቻ ላንሳ። ሰው ወደ ድንኳን ሲቀርብ ከሩቅ "ውሻችሁን ያዙ!" ብሎ ይጮሃል አይደል? ወጉ ነው። ጎምቦ ሳይጮህ መጣ። በቀጥታ መጥቶ ቦሮ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ደረቅ እርጎ ይዞለታል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን፤ ጥርሱን ለታመመ ውሻ! እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ደህና ነው ወይ ዱልማ ጓይ?"

"ደህና ነው። አንተን ይቀብርሃል።"

"ኧረ እኔ ለጤናው ብዬ ነው።"

"ጤናው ያለው አፉ ላይ ነው። አንተ ምን ልታደርግ እግሩ ሥር ተቀመጥክ?"

ጎምቦ ሳቅ አለ፣ ባርኔጣውን አዟዟረ፣ ተነሳ። ሞተሩ ላይ ከወጣ በኋላ ነው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ወንድም፣ "አንተ ኦችር፣ የግራው ለማን ነው?" ያለኝ።

"የምኑ ግራ?"

"አትጃጃል እንጂ። የቀኙ መቼም ለዛያ ነው ይባላል፣ ተይዟል። የግራውን ነው የምልህ።"

የቀኙ ተይዟል! ውሻዬ ቆሞ እየተነፈሰ፣ በአራት እግሩ እየሄደ፣ ሁለቱ እግሮቹ ተከፋፍለዋል! እኔ አልሰማሁም እንጂ ወረዳው በሙሉ ሰምቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው "ደህና ዋልክ" ሲለኝ የትኛውን እግር እንደሚፈልግ ነው የማስበው።

ሦስተኛ። ይሄን ዘልዬዋለሁ። እናቴ "እሱን አትጻፈው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ያሳፍራል" ስላለችኝ ነው። የእናቴን ቃል አክብሬ ወደ አራተኛው አልፋለሁ፤ ካስፈለገ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ልጅዎን ዛያን በተመለከተ። ጥሩ ታጋይ ነው። ባለፈው ናዳም እኔን እንደጣለኝ የሚያወሩ አሉ። ጥሎኛል፣ አልክድም፤ ግን የረገጥኩት ሳር የፈረስ እበት ነበረበት፣ ያየ ይመሰክራል። ሳር ሲደርቅ እንገናኛለን። አሁን ደግሞ ታጋይ ሁሉ እንደሚያደርገው የሰማይ ውሻ ቁርጭምጭሚት ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ቢገባ ዕድል ይቆምለታል ብላችሁ አስባችኋል። አልቀየምም። ዕድል የሚያስፈልገው ሰው ዕድል ይፈልጋል። እኔ ፈልጌ አላውቅም።

ግን ሒሳቡን እዩልኝ። ቦሮ ውሻ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ነው፤ ለአሻንጉሊት እንኳ አይሆንም። ያኛው ከሆነ ግን ዕድል ነው። ውሻ ከሆነ ክትባቱን መከልከል አይችሉም። ያኛው ከሆነ ይችላሉ። እንግዲህ በእርስዎ ቤት ቦሮ የግድ ያኛው መሆን አለበት። ሐሙስ እርስዎ መርፌውን ይከለክሉታል፣ ዓርብ ጎምቦ ይተኩስበታል፣ ቅዳሜ ዛያ ያንጠለጥለዋል። እውነቴን ነው፣ እንዲህ የተደራጀ፣ እንዲህ የተቀላጠፈ አገልግሎት በወረዳችን አይቼ አላውቅም። ምነው መንገዱንም እንደዚህ በሠራችሁልን።

ሌላ ቦታ ለምን አልሄድክም ይሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ! በሞተሬ፣ በዚያ ነፋስ፣ እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ሰው መንገዱ ላይ ይቀር ነበር። ዋናው ከተማ ያለው የውሻ ክሊኒክ ወለሉ ያበራል፤ ከተሜዎች ፀጉራቸው የተጠቀለለ ትንንሽ ውሾች አቅፈው ተቀምጠዋል። ቦሮ ሲገባ ሁሉም ወንበር ላይ ወጡ፤ ውሾቹም ሰዎቹም። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፣

"ዝርያው?"

አጠገቤ ያለች እናት ክንዴን ቆንጥጣ "ወንድምዬ፣ 'ሃስኪ ነው' በላት። የእኔ ጎረቤት እንዲያ ብላ ነው ያሳከመችው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሃስኪ! ቦሮ? የሰው ጋሪ የሚጎትት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያለቃቅስ ውሻ? እኔ ኦችር፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቦሮ ራሱ እየሰማ፣ ሃስኪ ልለው? ደረቴን ነፋሁና "የሰማይ ውሻ ልጅ ነው!" አልኳት። ድምፄም እንደምታውቁት ትንሽ ድምፅ አይደለም።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሐኪሙ በበሩ ቀዳዳ አይቶን ተመለሰ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ እንደ እርስዎ በትሕትና፣ አስወጡን። ቦሮ ጋሪዋ ውስጥ ገብቶ ያበጠ ፊቱን ጉልበቴ ላይ አሳረፈው። እናቲቱ እስከ ደጅ ተከትላኝ ወጥታ "ኩራትህን አሳክመህ ውሻህን ይዘኸው ሄድክ" አለችኝ። ሴትየዋ አፏ ክፉ ነው። መንገዱን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

አምስተኛ፣ እና ይሄ ቀልድ የለበትም። ቦሮ አይጮህም፤ ግን ጀንበር ስትጠልቅ እነዚያኞቹ ከአለቱ ላይ ሲጣሩ እሱ ይመልስላቸው ነበር። ምን እንደሚላቸው አላውቅም፤ ብቻ ከመለሰላቸው በኋላ አይወርዱም። በዙሪያችን ያሉት ድንኳኖች ሁሉ በግ ሲያጡ የእኛ በረት ሞልቶ የሚያድረው በዚህ ነው፤ የእርስዎም ፈረሶች የተረፉት በዚሁ ነው። ጥርሱን ካመመው ወዲህ አልመለሰም። ይጣራሉ፣ ጆሮውን ያቆማል፣ አፉን ከፈት ያደርጋል፣ ያመዋል መሰለኝ መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ተነስቶ በበጎቹና በአለቱ መካከል ሄዶ ይተኛል። በድምፁ ማድረግ ያቃተውን በገላው ሊያደርግ። እኔ ይሄን ዓይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይሄን ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቦሮን ይዤ እመጣለሁ። አፉን እኔ አስረዋለሁ። ራሱን እኔ እይዘዋለሁ። ከነከሰ እኔን ይነክሳል፤ ጣቶቼ ብዙ ናቸው፣ አይቆጨኝም። ማደንዘዣው እንዳይበዛ ከፈሩ በትንሹ ይጀምሩ፤ እኔ እቅፌ ውስጥ አድርጌ እጠብቃለሁ። ተኝቶ ሳይነሳ ቢቀርም በእጄ ላይ ይቅር፤ ጅራቱን እኔ እቆርጥለታለሁ፣ ጮማውን እኔ አጎርሰዋለሁ፣ አራቱንም እግሮቹን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ልመናዬ ይሄ ነው።

ደብዳቤዬ ስለረዘመ ይቅርታ። ኮፍያዬን በደንብ ደፍቼ፣ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ጫፍ አውርጄ፣ በሁለት እጄ ሰማያዊ የክብር ሻሽ እንደዘረጋሁልዎት ያስቡልኝና፣ ዘላለማዊው ሰማይ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፈረሶችዎ ወፍራም ጭራ፣ ለልጅዎ ደረቅ ሳር እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የእርስዎው፣
ኦችር፣ የዱልማ ልጅ፣
በሻር ሃድ አንደኛ ፈረስ ገሪ (ሁለተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በጣም ሩቅ ነው)

ማሳሰቢያ፦ ሦስተኛውን ዘልዬ ነበር። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ አልቻልኩም።

ከከተማ ተባርረን የተመለስን ዕለት ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አኩርፌ ሳለሁ፣ እናቴ ሻይዋን እየጠጣች፣ "'ተራ ውሻ ነው' ብትላቸው ምን ይጎድልሃል?" አለችኝ።

"ውሸት ነዋ!"

"ውሸት መሆኑን በምን አወቅህ?"

"እንዴ እማ! አንቺው አይደለሽ ከበረዶው ያመጣሻት ጥቁሯን?"

"ያመጣኋትማ እኔ ነኝ። ከሐኪሙ ከዳምዲን ግቢ ነው ያመጣኋት። ከዚያ ግራጫ ውሻው ጋር አንድ ጆንያ ላይ ተኝታ።"

ጽዋዬን መሬት አስቀመጥኩ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"በጣም ደስ ብሎህ ነበራ" አለችኝ።

እናቴንም ጠረጠርኳት፣ አልዋሽም። ዓይኗን አየሁ፤ ሻይዋን ነው የምትጠጣው። ውሻ ከሆነ ለምን አይጮህም ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም።

እንግዲህ ይኸው፣ በራሴ እጅ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ እጽፈዋለሁ፦ ቦሮ ውሻ ነው። ተራ ውሻ። በየናዳሙ የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ውጬዋለሁ፤ የሰማይ ውሻ የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። የሚስቅ ይሳቅ። ይሄን ጮክ ብዬ ሳነበው ቦሮ ፊቱን አዙሮ ተኛ፤ የተቀየመኝ ይመስለኛል፣ ግን ሲድን እንታረቃለን።

ተራ ውሻ ነው፤ የእርስዎ ውሻ ልጅ፣ ፎቶው ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ያለው የዚያ ግራጫ። አይደለም ካሉ ሐሙስ በሰው ፊት ይማሉ፣ እናቴም ትምላለች፤ የማን መሐላ እንደሚታመን ወረዳው ያውቃል። ዛያም ቁርጭምጭሚቱን አሁንም ከፈለገ ያንጠልጥለው፤ የአባቱን ውሻ ልጅ እግር ታጥቆ ሜዳ የሚገባ የመጀመሪያው ታጋይ ይሆናል፣ ጭብጨባውን እኔ እጀምርለታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እንመጣለን። በሩን አይቆልፉ ዶክተር ጓይ፤ ዘመድ ሊጠይቅ በመጣ ላይ በር አይቆለፍም።